በምኒልክ ዘመን የኖረ ቅድመ አያት ፍለጋ፦ ከሰፈር ወደ ጌታ፣ ከጌታ ወደ ደብር

የልደት መዝገብ አገኛለሁ ብላችሁ ከቢሮ ቢሮ አትንከራተቱ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ቢደነግግም ድንጋጌው ሥራ ላይ ሳይውል ኖሯል፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ዓ.ም. ነው። በ1830ዎቹ ወይም በ1860ዎቹ የተወለደ ሰው ስሙ በጽሑፍ የሚገኘው ሌላ ጉዳይ ሲጻፍ አብሮ ገብቶ ነው፤ ርስት ሲሰጥ፣ መጽሐፍ ለደብር ሲበረከት፣ የመሬት ክርክር ሲነሣ፣ ሹመት ሲነገር። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀመረው ሰውየው የነበረበትን ቦታና ያገለገለበትን ቤት ከማወቅ ነው። በስም ብቻ የጀመረ ሰው አንድ ሺህ ኃይሉና አንድ ሺህ ወልደ ማርያም መካከል ይቀራል።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ቤተሰባችሁ ከነባሩ የፊንፊኔ ኦሮሞ ካልሆነ በቀር ከዚያ በፊት የተወለደ ቅድመ አያታችሁ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። የነባሩ ኦሮሞ ቤተሰብ ልጅ ከሆናችሁ ግን መንገዳችሁ ሌላ ነው። ጉለሌ፣ ኤካ፣ ገላን የቱለማ ጎሳ ስሞች ናቸው፤ የትውልድ ቆጠራውም በጎሳ ሽማግሌዎች አፍ ላይ ስላለ ከወረቀት በፊት እነሱ ዘንድ ሂዱ። ለቀረነው የመጀመሪያው ጥያቄ "የማን ሰው ነበሩ?" የሚለው ነው።

በዚያ ዘመን ወደ እንጦጦም ሆነ ወደ አዲስ አበባ ብቻውን የመጣ ሰው ጥቂት ነው። ወታደሩ ከጌታው፣ ካህኑ ከታቦቱ፣ ባለ እጁ ከግቢው ሥራ ጋር መጣ። መኳንንቱ ግቢ ሲሰጣቸው ጭፍራቸው ዙሪያውን ሰፈረ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ፣ ራስ ብሩ ሰፈር የምንላቸው እንዲህ የቀሩ ናቸው፤ ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ የቤተ መንግሥቱ ባለ እጆች የሰፈሩበት ነው። ቤተሰባችሁ አዲስ አበባ ውስጥ መጀመሪያ ቤት የሠራበትን ሰፈር ካወቃችሁ ብዙ ጊዜ የጌታውን ስም ታገኛላችሁ፤ ጌታውን ካገኛችሁ የገዛውን አገር፣ ከዚያም ጭፍራው የተመለመለበትን ወረዳ ለማጥበብ ይቻላል።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበትን ልንገራችሁ። ሹም ሽር ነበረ፤ ጌታው ሲዛወር ሰውም አብሮ ይዛወራል። "ከሐረር ነው የመጡት" የሚል ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ትውልዱ ከመንዝ ወይም ከቡልጋ ነው። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ከራስ መኮንን ጋር ሐረር ዘምቶ ወይም ሰፍሮ ኖሮ የተመለሰ ሰው "የሐረሩ" ተብሎ ይቀራል። ስለዚህ ከየት መጡ ብላችሁ ብቻ አታቁሙ፤ ከዚያ በፊትስ የት ነበሩ ብላችሁ ጠይቁ። አንኮበር፣ ልቼ፣ ወረኢሉ፣ እንጦጦ የሚሉት ስሞች ከወጡ ሰውየው ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ከነበሩበት ጊዜ ጀምሮ የተከተለ ሊሆን ይችላል።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢው ነባር ሰፈሮች በብዛት ስለፈረሱ የድሮ ጎረቤት በየአቅጣጫው ተበትኗል። የሚገኝበት መንገድ እድር ነው። የእድሩ ጸሐፊ የተበተነውን አባል ስልክ ይይዛል፤ አሮጌው መዝገብ ደግሞ የሟች ቤተሰብን በዝምድና ስለሚዘረዝር ከ1930ዎቹና 40ዎቹ ወዲህ ያለውን ትውልድ ለማያያዝ ይጠቅማል። መዝገቡ ከተገኘ ቁጭ ብላችሁ እዚያው ፎቶ አንሡት፤ ለመዋስ አትጠይቁ።

ሽማግሌ ዘንድ ስትሄዱ ከእናት ወገን ያሉትን አሮጊቶች አስቀድሙ። ወንዶቹ ማዕረግና ዘመቻ ያስታውሳሉ፤ ማን ማንን አገባ፣ ማን ከማን ተፋታ፣ የትኛው ልጅ ከየትኛው እናት ነው የሚለውን የሚያውቁት እማማዎቹ ናቸው። መቅጃ ስልክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ መጀመር ጨዋታውን ያደርቀዋል። ቡናው ይፈላ፣ ስለ ጤናና ስለ ልጆች ይጠየቅ፣ ከዚያ "እማማ፣ ድምፅዎን ልቅዳው?" ብሎ ማስፈቀድ። ጥያቄዎቹ በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄዱ ጥሩ ነው፦ ስማቸው ማን ነበር፣ የክርስትና ስማቸውስ፣ ፈረሳቸው ማን ይባል ነበር፣ የየትኛው ታቦት ማኅበር ይጠጡ ነበር፣ ንስሐ አባታቸው ከየትኛው ደብር ነበሩ፣ የት ተቀበሩ፣ ተዝካራቸው የት ወጣ። የመጨረሻዎቹን አራት ሰው ይዘላቸዋል፤ ወደ ትውልድ አገር የሚወስዱት ግን እነሱ ናቸው። አዲስ አበባ ተቀምጦ ተዝካሩ መንዝ የወጣለት ሰው አገሩ የት እንደሆነ ተነገራችሁ ማለት ነው።

ስለ ስም ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኛው ፍለጋ የሚከሽፈው እዚህ ነው። አንድ የዚያ ዘመን ሰው ቢያንስ ሁለት፣ ታዋቂ ከሆነ ሦስት ስም አለው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የክርስትና ስም ነው። እቴጌ ጣይቱን በጸሎት መጽሐፍ ላይ የሚፈልግ ሰው "ወለተ ሚካኤል" ብሎ ካልፈለገ አያገኛቸውም፤ ንግሥት ዘውዲቱም "አስካለ ማርያም" ናቸው። በግጥምና በፉከራ ላይ ደግሞ የፈረስ ስም ይመጣል። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ ጎበና አባ ጥጉ እንደሚባሉት ማለት ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ "አባ እገሌ" የሚል ስም ከቀረ አትጣሉት፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች የሚለየው እሱ ሊሆን ይችላል።

ማዕረግም ይለዋወጣል። ዓድዋ ላይ ባሻ የነበረ ሰው ሲሞት ቀኛዝማች ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን፣ አንዳንዴም ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ ነው፤ ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ፈልጉ። የአባት ስምም ሁልጊዜ የወለደው አባት ስም አይደለም። አያቱ ያሳደገው ልጅ በአያቱ ይጠራል፤ ክርስትና ሲነሣ በክርስትና አባቱ ስም የተጠራም አለ። አንዳንድ ቤት "እናቴ" ሲሉ አያታቸውን ነው። ስለዚህ "ወላጅ እናትዎ ናቸው ወይስ ያሳደጉዎት?" ብሎ በትሕትና መጠየቅ አንድ ሙሉ ትውልድ ከመዝለል ያድናል።

የትውልድ ቆጠራውን በተመለከተ ብዙ ቤተሰብ ለጋብቻ ሲል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይችላል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ምንጅላት እያለ ይወጣል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ ነገር ግን በዓመት ፈትኑት። በአንድ ትውልድ ከ25 እስከ 30 ዓመት አስቡ። በ1900 ዓ.ም. የተወለደ ሰው አያቱ ግራኝን ተዋጋ ከተባለ መሐል ላይ ብዙ ስም ጠፍቷል። የሚጠፉት ማዕረግ ያልነበራቸውና ሴቶች ናቸው። ርስት በዘር በሚቆጠርበት በጎጃምና በጎንደር ደግሞ ሐረጉ በእናትም በአባትም መሬቱን መጀመሪያ ወዳቀናው አባት ይወጣል፤ ስለዚህ የስሞች ሰንሰለት ስታዩ ሁሉም ከአባት ወደ ልጅ የወረደ አይምሰላችሁ። በክርክር ጊዜ የተቆጠረ ሐረግ የተቆጠረበት ዓላማ ስላለው አንዱን ተከራካሪ ብቻ አትመኑ፤ የተቃራኒውንም ቆጠራ አግኙ። ሁለቱ የተስማሙበት ስም ጠንካራ ነው።

ዕድሜን በዓመት አትጠይቁ፤ በክስተት ጠይቁ። ክፉ ቀን (ታላቁ ረሃብ) ከ1881 እስከ 1884፣ ዓድዋ 1888፣ የምኒልክ ዕረፍት 1906፣ ሰገሌ 1909፣ የኅዳር በሽታ 1911፣ ማይጨው 1928። ለጥንቱ ደግሞ የመቅደላው ዘመቻና የቴዎድሮስ ሞት 1860፣ ጉንደትና ጉራዕ 1868፣ እምባቦ 1874፣ ጨለንቆ 1879፣ መተማ 1881። "ክፉ ቀን ሲገባ ጡት ይጠባ ነበር" ከተባለ ልደቱ 1879 ወይም 1880 አካባቢ ነው። ወንጌላዊው ከተጠቀሰ ደግሞ ይበልጥ ይጠብቃል። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምራችሁ ለ4 ስታካፍሉ 1 ከተረፈ ማቴዎስ፣ 2 ከሆነ ማርቆስ፣ 3 ከሆነ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። "በክፉ ቀን፣ በዘመነ ማቴዎስ ሞቱ" የሚል ቃል ከአራቱ ዓመት አንዱን ብቻ ይሰጣል፤ እሱም 1881 ነው።

አሁን ወደ ጽሑፍ እንግባ። የመጀመሪያው መዝገብ ብዙ ጊዜ እዚያው ቤት ያለው የብራና ዳዊት ነው። ከማኅደሩ አውጥታችሁ ንጹሕና ደረቅ እጅ ይዛችሁ ክፈቱት፤ ቅባት፣ ፍላሽ፣ የሚለጠፍ ወረቀት አይነካው። መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ያሉትን ባዶ ቅጠሎች እዩ፤ ልደትና ሞት፣ የብድር ውል፣ የመሬት ድርሻ የሚጻፈው እዚያ ነው። ቀጥሎ መዝሙሮቹ በየአሥሩ የሚለዩበትንና የየጸሎቱን መጨረሻ ተከተሉ። "ለገብርከ" (ለወንድ) ወይም "ለአመትከ" (ለሴት) ከሚለው በኋላ የባለቤቱ የክርስትና ስም ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በቀይ ቀለም። ብራናው እዚያ ቦታ ላይ ሻካራና ቀጠን ያለ ከሆነ፣ የፊደሉም ቅርጽ ከዙሪያው ከተለየ፣ የፊተኛው ስም ተፍቆ የኋለኛው ባለቤት ስም ገብቷል ማለት ነው። መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው የቤተሰባችሁ ላይሆን ይችላል፤ ገዝተውት ይሆናል። የተፋቀውን ለማየት ብርሃኑን ከጎን አድርጋችሁ በትንሽ ማዘንበል ፎቶ አንሡ፤ ከላይ ቀጥ ብሎ የወደቀ ብርሃን ጭረቱን ያጠፋዋል። ከተፋቁት ስሞች ውስጥ ሳይታይ ያመለጠ አንድ አይጠፋምና እስከ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ድረስ ቅጠል በቅጠል ሂዱ።

በአሮጌ ጽሑፍ ላይ ያለ ዓመት ሁልጊዜ ዓመተ ምሕረት አይደለም። ፸፫፻፹፰ የሚል ቁጥር ስታዩ ከዓለም ፍጥረት የሚቆጠረው ዓመተ ዓለም ነው፤ 7388 ላይ 5500 ስትቀንሱ 1888 ይወጣል። ፮ እና ፯ በደበዘዘ ቀለም ይቀያየራሉ፤ የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን አብረው ከተጻፉ በእነሱ አረጋግጡ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትመልሱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት መደመሩን ሁሉም ያውቃል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት ዛሬ ከምንቆጥረው የአንድ ቀን ልዩነት መኖሩን ነው። የካቲት 23 ዛሬ ማርች 2 ላይ ይውላል፤ በ1888 ዓ.ም. ግን ማርች 1 ነበር። የውጭ አገር ሰው ከጻፈው ደብዳቤ ጋር ቀን ስታስተያዩ ይህችን ቀን አትርሱ።

ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትሄዱ ምን እንደምትጠብቁ ዕወቁ። አራዳ ጊዮርጊስም ሆነ ባዕታ ወይም እንጦጦ ማርያም የምእመናን ዝርዝር ጠይቃችሁ የ19ኛውን መቶ ዘመን ሰው አታገኙም፤ የሰበካ ጉባኤ የአባላት መዝገብ ከ1965 ዓ.ም. በኋላ የመጣ ነው። ተራው ሰው የተቀበረው ያለ ጽሑፍ ድንጋይ ነው፤ ቅጥር ሲታደስ የተነሣም መቃብር ብዙ ነው። የሚገኘው በስጦታ የገባ መጽሐፍ፣ ካባ፣ ደወል ወይም መስቀል ላይ ያለ ስም ነው። ጥያቄውን ለአስተዳዳሪው በደብዳቤ አቅርባችሁ ከቄሰ ገበዙ ጋር ቀጠሮ ያዙ፤ የንዋየ ቅድሳቱ ኃላፊ እሳቸው ናቸው። በጾም ወራት ከቅዳሴ በፊት አትሂዱ። የሚነገራችሁን ስም ከነ"ወልደ" እና ከነ"ገብረ" ሙሉውን ጻፉት፤ "ገ/" እና "ወ/" እያሉ ማሳጠር በኋላ ያምታታል።

ከዚያ ስድስት ኪሎ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ነው፤ መታወቂያና የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ ብትሄዱ ሥራው ይቀላል። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ወመዘክርም እንዲሁ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ከ8 ሺህ በላይ መጽሐፍ አንሥቷል፤ የሸዋ አድባራትና ገዳማት በብዛት ይገኙበታል። ፊልሞቹ አዲስ አበባና አሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ ሲኖሩ፣ የሚኒሶታው ቤተ መጻሕፍት ብዙዎቹን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል፤ መመዝገብ ብቻ ነው። ካታሎጉን ስትከፍቱ በሰው ስም ብቻ አትፈልጉ። በደብሩ ስም ፈልጋችሁ የዚያን ደብር መጻሕፍት በሙሉ አውጡ፤ ከዚያ የኅዳግ (የገጽ ጠርዝ) ጽሑፍ ያላቸውን ለዩ። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ እየቀያየራችሁ መሞከርም ግድ ነው።

ከታተሙት ውስጥ ሦስቱ ጊዜያችሁን ይክሳሉ፦ በ1915 ዓ.ም. የታተመው የብላቴን ጌታ ኅሩይ "የሕይወት ታሪክ" የመኳንንቱንና የሊቃውንቱን ስም ከነአጭር ታሪካቸው ይይዛል፤ የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የምኒልክ ዜና መዋዕል ዘመቻና ሹመትን ያስከትላል፤ የማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል "ዝክረ ነገር" ደግሞ የመሬት ስሪትንና የመንግሥት ሥርዓትን ያስረዳል። ቅድመ አያታችሁ ስማቸው ባይኖርም የጌታቸው ይኖራል። ዕድሜያቸው ረዝሞ እስከ 1920ዎቹ ለደረሱ ሰዎች ከ1917 ዓ.ም. የጀመረውን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ፣ ከ1933 ወዲህ አዲስ ዘመንን አገላብጡ፤ የዕረፍት ዜናና የወራሽነት ማስታወቂያ ላይ የልጆች ስም ይዘረዘራል።

የከተማ ቦታ ፋይል ብዙ ሰው የማያስበው ምንጭ ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዛወር የባለቤትነት ማስረጃ ተሰብስቦ ነበር። ቤተሰቡ በእጁ የያዘው አሮጌ ካርታ፣ የግብር ደረሰኝ ወይም የወራሽነት የፍርድ ቤት ውሳኔ ካለ ቁጥሩንና ቀኑን ይዛችሁ ፋይሉን አስፈልጉ፤ ያለ ቁጥር በስም ብቻ ማስፈለግ ልፋት ነው። የወራሽነት ውሳኔው ሟችን፣ ልጆችን፣ በልጅ ምትክ የገቡ የልጅ ልጆችን በቅደም ተከተል ስለሚጽፍ፣ ሁለት ሦስት ትውልድ በአንድ ገጽ ላይ ማረጋገጥ ይቻላል።

አንዳንድ በር የሚዘጋው ሰው ስለማያውቅ ሳይሆን ስለሚያፍር ወይም ስለሚፈራ ነው። ባርነት፣ የእጅ ሙያ ንቀት፣ ያላለቀ የርስት ጠብ፣ ከጋብቻ ውጪ የተወለደ ልጅ። ጋሼ ዝም ካሉ አትጫኑ። ስልኩን አጥፍታችሁ፣ "ይህን አልጽፈውም" ብላችሁ፣ ቃላችሁንም ጠብቁ። በምኒልክ ግቢና በመኳንንቱ ቤት ያደጉ፣ በማን እንደተወሰዱ የማይታወቅ ብዙ ሰዎች ነበሩ፤ ዘራቸው የከበረ ነው። ለእነሱ የሚፈለገው የጌታው ቤት ታሪክና ክርስትና የተነሡበት ደብር ነው።

የሰበሰባችሁትን ሁሉ በአንድ ደብተር አድርጉ፤ ለእያንዳንዱ ስም ማን ነገረኝ፣ እሱስ ከማን ሰማ፣ በጽሑፍ የት አየሁት የሚል ሦስት ረድፍ ይኑረው። ከሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የተሰማ ወይም በጽሑፍ የተገኘ ስም በቀለም፣ ከአንድ ሰው ብቻ የተሰማው በእርሳስ ይጻፍ። ሁለት ቃል ሲጋጭ አንዱን አትደምስሱ፤ ሁለቱም ይቆዩ።

የትውልድ ደብሩ ስም በእጃችሁ ሲገባ መሄድ ነው። መንገዱ ደረቅ የሚሆነው ከኅዳር እስከ ግንቦት ነው፤ ከዚያ ውስጥ የታቦቱ ዓመታዊ ንግሥ የሚውልበትን ቀን ምረጡ። የአካባቢው ተወላጅ ከአዲስ አበባም ከሌላም አገር የሚሰበሰበው በዚያ ቀን ስለሆነ፣ ዓመት ሙሉ ስትፈልጉት የነበረ ዘመድ አንድ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። በዕለቱ ግን ካህናቱ ጊዜ የላቸውም፤ መጽሐፍ አውጡልኝ አትበሏቸው። አድራችሁ በማግሥቱ ጠዋት፣ ሕዝቡ ሲበተን፣ ደብዳቤያችሁንና ደብተራችሁን ይዛችሁ ቅረቡ። የያዛችሁትን ስም ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ "እሱማ የእገሌ ወንድም ነው" የሚል ሰው ከቆሙት መካከል ይገኛል።